ሁለቱ ቀይ መብራቶች

እናቴ ትከሻዋን እንዳመማት ያወቅኩት ነግራኝ አይደለም። እሷ ብትሞት እንኳ ለቀባሪ የምትናገር ሴት አይደለችም። ያወቅኩት በፀጉሯ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትሠራ የኖረች ሴት፣ አንድ ጠዋት የራሷን ፀጉር ከኋላ ሰብስባ ማስያዝ አቅቷት አየኋት። ግራ እጇ ማጅራቷ ላይ ደርሷል። ቀኙ ግን ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ የሆነ ሰው «እዚያው ቁም!» ያለው ይመስል። በመስታወቱ ውስጥ እያየኋት መሆኔን ስታውቅ ማበጠሪያውን ወረወረችልኝ።

«ምን ታፈጥጫለሽ? ነይ ያዥልኝ።»

«ምነው፣ ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ?»

«ምላስሽን ለደንበኛ አስቀምጪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ፀጉር የምሠራው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት አጭሯ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ፣ እሷም ያችኑ አንድ ነገር ትለኛለች፦ «ክርንሽን አውርጂ። ወፍ ልትሆኚ ነው እንዴ ክንፍሽን የምትዘረጊው?»

«አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን ዘርግተሽ የት በረርሽ?» እላታለሁ።

ትስቃለች። ስትስቅ ትከሻዋ ይነቃነቅና ያማታል፤ ሲያማት ሳቋን ትውጠዋለች። ስለዚህ ቀልዴን ቀነስኩ። እኔን ቀልድ ቀንሺ ማለት ሌላውን ሰው እህል ቀንስ እንደማለት ነው።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ፀጉር ቤት ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ረጅም መስታወት፣ ከፊቱ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ ራስ የሚያስገቡበት ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የፀጉር ማጠቢያው ሳህን። ከሳህኑ ጋር የተጋባሁት እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከደብተር ወደ ሻምፖ ተዛወርኩ። አስተማሪያችን «ጭንቅላትሽን ተጠቀሚበት» ይለኝ ነበር፤ እኔ የሰው ጭንቅላት መረጥኩ።

እናቴ ግን የመስኮቱ ወንበር ናት። «የመስኮቱ ወንበር ናት» ነው የሚባለው በኛ ቤት፣ ሰውና ወንበር አይለይም። የመስኮቱ ወንበር ላይ ሙሽሮችና ፀጉራቸውን የሚቀቡ ሴቶች ይቀመጣሉ፣ የቀን ብርሃን ስለማይዋሽ። እናቴ እኔን አርግዛ እያለች ነው ያንን ወንበር የያዘችው። ከኋላው ተጠግታ ስትቆም ሆዷ የወንበሩን መደገፊያ ይነካው ነበር አሉ፤ ማለት እኔ ገና ሳልወለድ የደንበኛ ጭንቅላት ረግጫለሁ። ፀጉር ቤት ውስጥ ወንበር ያላት ሴት ሰው ናት። ወንበር የሌላት ፎጣ ናት፤ ያገኘ ያነሳታል፣ የጠገበ ይጥላታል። እናቴ የፈራችው ሕመሙን አልነበረም፣ ፎጣ መሆንን ነው።

ሚስጥሩ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የደንበኛ ፀጉር እያደረቀች ሳለ የእጅ ማድረቂያው ፎን ከእጇ አመለጠና ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ማዳም የምንላት፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛዋ ቀና አለች። ማዳም ሰውን ፊት ለፊት አታይም፤ ሁሉን የምታየው በመስታወቱ ነው።

«ትከሻሽ ነው አይደል?»

«ብርድ ነው ማዳም፣ ያልፋል።»

«ብርዱ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው! ፀሐይ ወጥቶ የማያልፍ ብርድ ምን ዓይነት ብርድ ነው?» ከዚያ ድምጿን አለሰለሰች። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

ሰው «ክፉ ሰው አይደለሁም» ሲል ቀጥሎ የሚመጣውን አጎንብሶ መጠበቅ ነው።

«ያችን የወር መጨረሻዋን ሙሽራ አንቺ ትሠሪያታለሽ» አለች። «እጅሽ ከተነሳ ወንበሩ እንዳለ ያንቺው ነው። ካልተነሳ ሌላ ሰው አቆምበታለሁ። ሙሽራ ወንበር ላይ ተቀምጣ የፀጉር ሠሪዋን ትከሻ ልታስታምም አትመጣም።»

እናቴ «እሺ ማዳም» ብላ የተሰበረውን ፎን ልትለቅም አጎነበሰች። በግራ እጇ ነበር የለቀመችው።

በሳምንቱ አንዲት ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ «ቀይ መብራት እያበሩ ትከሻ የሚያድኑበት ቦታ አለ፤ እህቴን አድነዋታል» ብላ ጮኸች። ካስክ ሥር ያለ ሰው ሲያወራ ይጮሃል፣ ለራሱ አይሰማውማ። እናቴ ግን የሰማችው አንዲት ቃል ሳታመልጣት ነው። ሆስፒታሉ ከኛ መንደር አንድ አውቶቡስ ነው። ሄድን።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እንደ መንገደኛ የየራሱን ዕቃ ይዞ ተቀምጧል፤ አንዱ ጉልበቱን፣ አንዷ ወገቧን፣ አንዱ አንገቱን። ከላይ ያለው አምፖል ጥርሱ እንደሚንቀጠቀጥ ሰው ይርገበገባል። ማንም አያወራም። እኔ እንኳ ዝም አልኩ፣ እናቴ ይህን አይታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ውስጥ ስንገባ አንድ አልጋ፣ መስመር መስመር የተቀባ ግድግዳ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሽቦ ያለው ሳጥን አየሁ። በሽቦው ጫፍ ያለው ነገር ቁርጥ የኛን ፎን ይመስላል።

«እማ፣ ሊተኩሱሽ ነው» አልኳት።

ከሳጥኑ አጠገብ የቆመው ሰውዬ ሰማኝ። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን ያለው ሰው ነው። «ልጅዎ ናት?» አላት።

«ምን ላድርጋት ዶክተር፣ የወለዱት አይጣል።»

«ዶክተር አይደለሁም እናቴ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«እሺ ዶክተር።»

እኔ በልቤ ባለመብራቱ አልኩት፣ በዚያው ጸና።

ክንዷን በጎን በኩል እንድታነሳ አዘዛት። ትከሻዋ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ መዳፉን ከክርኗ ሥር አስገብቶ ቀስ አድርጎ ሲደግፋት፣ ያው እምቢ ያለ ክንድ ወጣ። ጆሮዋን አለፈ። እናቴ እንደ ሕፃን አፏን ከፈተች።

«አያችሁ? ክንዱ አልሞተም» አለ። «ጅማቱ ነው የተጎዳው። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ፀጉር።»

«ቀኑን ሙሉ ክንድዎ አየር ላይ ነው ማለት ነው። ክንድ ከፍ ባለ ቁጥር ጅማቱ ከአጥንቱ ሥር ይፈተጋል፤ ገመድ የጉድጓድ አፍ ላይ እየተፈተገ እንደሚሳሳው።»

ቀጥሎ ትከሻዋን እንድትገልጥ ነገራት። ቆዳዋ ያብረቀርቅ ነበር።

«ምን ተቀብተው ነው?»

«ያችን ጉንፋን ሲይዝ የሚቀቧትን ቀዝቃዛ ቅባት። እንቅልፍ ቢወስደኝ ብዬ።»

«መብራት ባለበት ቀን ቅባት የለም» አለና ጥርግ አድርጎ አጸዳላት። ለሁለታችንም ጥቁር መነጽር ሰጠን፣ እሱም የራሱን አደረገ። እኔ አድርጌው መስታወት ፈለግኩ፣ አልነበረም። ከዚያ ያንን ፎን መሳዩን ነገር ትከሻዋ ላይ አስቀመጠው፤ ቆዳዋ ላይ ቀይ ብርሃን በራ። ትንሽ ናት። ሌሊት ከሩቅ የሚታይ ፍም ታክላለች።

እናቴ ጠበቀች። «መቼ ነው የሚሞቀው?» አለች።

«አይሞቅም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሕመሙን ያበርዳል። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፣ ብዙ ሰው ግን ይረዳዋል። ዋናው ስፖርቱ ነው፤ መብራቱ ስፖርቱን መሥራት እንዲችሉ መንገድ ይከፍትልዎታል።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እናቴ ይዛ የወጣችው «አይሞቅም» የሚለውን ብቻ ነው።

«ቀዝቃዛ መብራት!» አለች አውቶቡስ ውስጥ። «ቀዝቃዛ መብራት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው። በኛ ሙያ ያልሞቀ ነገር አይሠራም። ፀጉር የሚተኛው በሙቀት ነው፣ የሚጠቀለለው በሙቀት ነው፣ ቀለም የሚይዘው በሙቀት ነው። ደንበኛ «አቃጠለኝ!» ካላለች ማዳም ራሷ «አልበሰለችም፣ ጨምሪላት» ነው የምትለው።

ቢሆንም ተመላለሰች። ክንዷን በገመዱ ትጎትታለች፤ ግድግዳው ላይ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት እያራመደች ከመስመር መስመር ትወጣለች። ቤትም ጭምር ከቁም ሣጥኑ ጎን ቆማ ጣቶቿ ይራመዳሉ። ቀስ በቀስ ሌሊት ማቃሰቷ ቀነሰ። አንድ ቀን ጣቷ ግድግዳው ላይ ከግንባሯ በላይ ያለውን መስመር ነካ። ባለመብራቱ «ጎበዝ!» አላት። እናቴ እንደ ተማሪ አፈረች፤ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ላሉት ሁሉ «ምሕረቱን ይላክላችሁ» አለቻቸው፣ የሷ የደረሰ ይመስል።

ግን መስመር መንካት አንድ ነገር ነው፣ ሙሽራ መሥራት ሌላ። ሙሽራ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ሁለት ክንድ አናቷ ላይ ይንጠለጠላል። ቀኑ ደግሞ እየሮጠ ነው። ማዳም ከጠረጴዛዋ ቀና ባለች ቁጥር በመስታወቱ የእናቴን ክርን ትለካለች።

«እንጨምርበት» ብላው ነበር እናቴ ባለመብራቱን። «በየቀኑ ብመጣስ?»

«መብራት ሲበዛ ቶሎ አያድንም እናቴ። ጅማት ጊዜ ነው የሚፈልገው።»

«እኔ እኮ ጊዜ ነው ያጣሁት» አለችው።

ፀጉር ቤታችን ውስጥ ሌላ ቀይ መብራት አለ። ቀለም የተቀባ ፀጉር ቶሎ እንዲይዝ የምናበራው፣ በጎማ የሚሄድ፣ ሦስት ራስ ያለው። እሱን እንደ እናቴ የሚያውቀው የለም። ስንት እንደሚርቅ፣ ስንት እንደሚቆይ በጉንጯ ነው የምትለካው፤ ፊቷን ጠጋ ታደርግና «ይበቃታል» ትላለች። በሷ እጅ የተቃጠለች ደንበኛ የለችም።

ጠዋት ቤቱን የምንከፍተው እኔና እሷ ነን። የሙሽራዋ ሳምንት ገብቶ ነበር። ሰማዩ የቆሸሸ ፎጣ መስሏል። «ዝናብ ሳይመጣ ከጓሮ ፎጣውን ሰብስቢ» አለችኝ፣ ወጣሁ። ገመዱ ሙሉ ነበር፤ እያጠፍኩ፣ እየዘፈንኩ፣ ዘገየሁ።

ስመለስ የመስኮቱ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። እናቴ ናት። ከተወለድኩ ጀምሮ ያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም፤ ከኋላው እንጂ። ሸሚዟን ከቀኝ ትከሻዋ አውርዳለች፣ ባለሦስት ራሱ መብራት አንዱን ራሱን ትከሻዋ ላይ ደፍቷል፣ እሷ ተኝታለች። አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላየሁት ዕረፍት ነበር። ሽታው ባይኖር ኖሮ አልቀሰቅሳትም ነበር።

የተቃጠለ ፀጉር ሽታ አውቃለሁ፣ ይህ ፀጉር አልነበረም።

ሶኬቱን ነቀልኩና ጮህኩ። እናቴ ባንና ነቃች። «ምን ሆንሽ? ማን መጣ?»

«ትከሻሽ! እማ ትከሻሽ!»

በመስታወቱ አየችው። እኔ ነኝ በቀጥታ ያየሁት። ቆዳው ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ዙሪያው በቅባቱ ያብረቀርቃል። ቀዝቃዛው ቅባት። ሌሊት ተቀብታው ነበር፤ መብራት ባለበት ቀን ቅባት የለም የተባለው ለሆስፒታሉ እንጂ ለኛው መብራት መስሎ አልታያትም። ቅባቱ ትከሻዋን አደንዝዞ ሙቀቱን ደበቀባት። በጉንጯ ብትለካው ትነቃ ነበር። በትከሻዋ ለካችው።

«ምንም አላቃጠለኝም እኮ» አለች፣ እኔን የምታጽናና ይመስል። «ደስ ነው ያለኝ።» ከዚያ ሕመሙ ደረሰ። ከንፈሯን ነከሰችና ሸሚዟን ሰበሰበች። «ማዳም እንዳትሰማ።»

ሆስፒታል ስንሄድ ባለመብራቱ ገና ሲያየው ቆመ። መነጽሩን ለማንም አልሰጠም።

«ይሄ በኔ መብራት የሆነ አይደለም።»

«በኛው ነው» አለች እናቴ። ጉዳዩን አስረዳችው፤ ስታስረዳው እንደ ባለሙያ ነበር፣ ስንት ራስ እንዳለው፣ ለምን እንደሚበራ። «ያው ቀይ አይደል? ያንተ ትንሽ ናት፣ የኛ ትልቅ ነው። ቶሎ ያደርሰኛል ብዬ ነው።» እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው፤ ምን ያህል እንደ ደነገጠች በዚያ አወቅኩ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴ፣ የናንተ መብራት ሙቀት ነው። የኔ ብርሃን ነው። የሚገናኙት በቀለም ብቻ ነው።»

«እና አሁን?»

«አሁን ቁስሉ መታከም አለበት። እስኪድን መብራቱን ላደርግልዎ አልችልም። ክንድዎንም ያሳርፉ።»

«ከጎኑስ? በጀርባ በኩል ትንሽ ብታበራልኝስ?»

«አይሆንም።»

«ሙሽራዋ ቅዳሜ ናት።»

«ሙሽራዋን ሌላ ሰው ይሥራት።»

እሱ በደግነት ነው የተናገረው፣ ግን ከማዳም አፍ የወጣችውን ያችኑ ቃል ነው የመለሰላት። ሌላ ሰው።

ቁስሉን አሽገውላት ወጣን። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ቆማ፣ በግራ እጇ ብረቱን ይዛ መጣች። እኔ ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እናቴ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም።

ቅዳሜ ሙሽራዋ ከአክስቷ ጋር መጣች። እናቴ አስቀድማ ዘዴ አዘጋጅታ ነበር። ሙሽራዋን ወንበሩ ላይ ሳይሆን አጭር በርጩማ ላይ ልታስቀምጣት ነው፤ ጭንቅላቷ ዝቅ ካለ ክንድ ብዙ መነሳት የለበትም።

«ይቺ ልጅ ሙሽራ ናት ወይስ ጫማ የምታስጠርግ?» አለች አክስቷ። «መስታወቱ ራሱ አይታያት!»

«ለዚህ አሠራር ይሻላል እሜቴ፣ አናቷ በደንብ ይታየኛል» አለች እናቴ።

ማዳም ከጠረጴዛዋ በመስታወቱ «ወንበሩ ላይ» አለች። ሌላ አላለችም። ሙሽራዋ ወንበሩ ላይ ወጣች።

እናቴ ጀመረች። የማጅራቱ በኩል ጥሩ ሄደ፤ የጆሮው በኩልም ሄደ። አናቷ ላይ ስትደርስ ክንዷ ቆመ። የፀጉር መርፌዎቹ ከጣቷ እየሾለኩ የሙሽራዋ ጭን ላይ ወደቁ። እኔ ፀጉሯን የማጥብላት ደንበኛ አልነበረኝም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁና አጠገቧ ቆሜ፣ መዳፌን ከክርኗ ሥር አስገባሁ። ባለመብራቱ እንዳደረገው። ደገፍኳት። ክንዷ ወጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ በከንፈሯ ብቻ።

«ዛሬ ክርንሽን አታወርጂም» አልኳት።

እንዲያ ሆነን ሠራን። እሷ ትጠቀልላለች፣ እኔ እሸከማለሁ። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ መዳፌ ላይ ይሰማኛል፤ ሰው ሲያለቅስ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጠው፣ ፊቷ ግን ደረቅ ነበር። ከአናቷ ግማሹን አደረስን። የሚያምር ነበር። እውነቴን ነው፣ በሁለት እጇ ከሠራቻቸው ሁሉ ያምር ነበር።

ከዚያ ሙሽራዋ በመስታወቱ ተመለከተችና «ሸሚዟ!» አለች።

የእናቴ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ርሷል። ቁስሉ ፈንድቶ ፋሻውን አልፏል፤ ውሃማ ቢጫ ነገር፣ ትንሽ ደም ያለበት። አክስትየዋ የሙሽራዋን ነጠላ ወደራሷ ጎተተች። «በስመ አብ! ልጄ ላይ ልታንጠባጥቡ ነው?»

ማዳም ተነሳች። በዚያ ቤት ስሠራ ስትነሳ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። መጥታ ፊት ለፊት፣ ያለ መስታወት፣ እናቴን አየቻት።

«ተይው» አለቻት። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሌሎቹ ሁለቱ ወንበሮች ሰው ይዘዋል። ማዳም ዙሪያዋን አየችና ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ። «አንቺ። ጨርሺው።»

«እኔ?»

«እጅ የለሽም?»

እናቴን አየኋት። ማበጠሪያውን አቀበለችኝ። እንደዚያ ጠዋት አልወረወረችውም፤ መዳፌ ላይ አስቀመጠችውና ጣቶቼን አጠፈችልኝ። ከዚያ ወደ ማጠቢያው ሄዳ መጋረጃውን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ሆና «ከግራ ጀምሪ… ላላ አድርጊ… አሁን ሰኪ» እያለች መራችኝ። እጄ ጠዋት ጠዋት የእናቴን ፀጉር ሲሠራ ስለከረመ መንገዱን ያውቃል። ሙሽራዋ አምራ ወጣች። አክስቷ እንኳ ሳመችኝ።

ሰኞ ማዳም ጠራችኝ። «የመስኮቱ ወንበር ያንቺ ነው» አለችኝ።

«እናቴስ?»

«ሳህኑ ጋ ትሁን። ማጠብ ክንድ ማንሳት አይጠይቅም። ሁለታችሁንም አላባረርኩም፣ ይህን ዕወቂልኝ።» ከዚያ በመስታወቱ እያየችኝ «ለእናትና ለልጅ ሁለት ወንበር ግን የለኝም። ወይ እሷ ወይ አንቺ» አለች።

አፌ ሞልቶ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታለች። ፎጣ ተሸክማ ወጣችና አንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

«ምን ትገተሪያለሽ? ደንበኛ እየጠበቀሽ ነው። ክርንሽን ግን አውርጂ።»

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። ቁስሉ ድኗል፤ ቦታው ላይ የተጨማደደ ጠባሳ ቀርቷል። እናቴ ወደ ባለመብራቱ መመላለሷን ቀጠለች። አሁን ብቻዋን ነው የምትሄደው፣ እኔ ወንበር አለኝና። ስትመለስ «እንዴት ነው?» እላታለሁ። «ያው ነው» ትለኛለች። ፀጉር ቤት ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ፎጣ ስትፈልግ «አንቺ፣ አውርጂልኝ፣ ይህ ክንድ እንደሁ አልታዘዝ ብሏል» ትላለች፣ ማዳም እንድትሰማው አድርጋ። ሳህኑ ላይ አጎንብሳ የሰው ጭንቅላት ታሻለች። ወገቧን ስትይዝ አያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቀድሜ ተነሳሁ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ፣ ውሃው ስለጠፋ ባዶ ባልዲዬን ይዤ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

እናቴ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ሁለት እጇ ከራሷ በላይ ነው። ሁለቱም። ቀኙ ጆሮዋን አልፎ፣ አናቷን አልፎ፣ ፀጉሯን ከኋላ ሰብስቦ ይጠቀልላል። የፀጉር መርፌውን ከጥርሷ አውጥታ ሰካችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሳታይ። ራሷን ወደ ግራ ዞር አድርጋ አየችው። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ሙሽራ ጨርሳ ስታስነሳ የምታሳየው ፊት ነው።

ከዚያ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። ፀጉሯን በጣቶቿ በተነችው። ክንዷን አወረደችና በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ! የት ቀረሽ? ነይ ያዥልኝ እንጂ፣ ሊረፍድብን ነው!»

ባልዲውን በሩ ላይ አንኳኳሁት፣ አሁን የመጣሁ እንዲመስል። ገባሁ። ማበጠሪያውን ሰጠችኝ። ፀጉሯ ገና ጥቅልሉን አልረሳም ነበር፤ በጣቴ ሥር በራሱ ይዞር ነበር።

ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ከኋላዋ ቆሜ የሷን ጥቅልል ተከትዬ ጠቀለልኩት፤ እጄ ከፍ እያለ ሄደ፣ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነች ቀጭን ነገር ጠቅ አደረገችኝ።

«ክርንሽን» አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

አወረድኩት።